ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው

ለምወድሽ እህቴ፣ አንቺስ ገዳሙስ እንደምን ከርማችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

የቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን አዲሱ አባ የወጣቶቹን ጉባኤ ገለባብጠውታል። ስብከቱ ቀርቶ ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የልባቸውን ያወራሉ፤ እኛ አስተማሪዎቹ እንሰማለን። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የምሰጥ ሴት ነኝ። አባ ትንሽ ታገሡኝና የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስያዙኝ። «ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው ይቀዳል እንጂ አይናገርም» አሉኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ግን ታምኚኛለሽ? እኔ አፌን ስዘጋ፣ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብሎ የማያውቀው የልብስ ሰፊዋ ልጅ «መጸለይ አቅቶኛል» ብሎ ተናገረ።

ልጄ ደህና ናት። መዝሙሩን ለጊዜው ትታዋለች፤ ጉባኤ ባለ ቀን እንቅልፍ ይጫጫናታል። ከሳም ብላለች፤ የዕድሜ ነው መሰለኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ወጥ ቤት ብቻዋን አገኘኋትና ሻይ ቀዳሁላት። ዝም አልኩ። ደግሜ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ «እማ…» አለች።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና «ምነው? ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?» አልኳት።

«ምንም። ሻዩ ስኳር አንሶታል» ብላ ተነሣች።

ለገዳሙ እህቶች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በጸሎታችሁም አትርሱን። ልጄ ከእኔ ይልቅ አንቺን መስማት ትወዳለች። ከደወለችልሽ፣ በሞቴ፣ ማንቆርቆሪያውን እንዳታስቀምጪው።

እህትሽ