ሙሽራው ፈገግ አይልም

ሚያዝያ 12
ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። ፎቶ ቤቱ ደግሞ ሰው በሰው! እንደ ልማዴ ለደንበኛ ሁሉ ፈገግ እያልኩ ነው ያነሳሁት። አይተውኝ እነሱም ፈገግ ይላሉ፤ ሌላ ዘዴ የለኝም። ለሰርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ የምን ጆሮ ነው አሁን?

ሚያዝያ 13
ጉድ! አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ደረቴ ላይ ፈሰሰ። መስታወት አየሁ... ግማሽ ፊቴ ወርዷል። ግራ ዓይኔን ልጨፍን ብል እምቢ አለኝ። እማዬ ጮኸች። "ንፋስ መቶህ ነው! መስኮት ከፍተህ አትተኛ አላልኩህም?"
ሐኪም ቤት ሮጥን። ሐኪሟ ቅንድብህን አንሳ አለችኝ፤ ግራው ወይ ፍንክች። "ስትሮክ አይመስልም። የፊትህ ነርቭ ነው ያበጠው። ቶሎ መምጣትህ ጥሩ ነው።" ክኒን፣ የዓይን ጠብታ፣ ስተኛ ዓይኔ ላይ ፕላስተር።
"ለሰርጌ ይድናል?"
"አብዛኛው ሰው ይድናል። በሳምንታት... አንዳንዴ በወራት።"
ይሄም መልስ ሆኖ!

ሚያዝያ 16
በካሜራ ለማየት ግራ ዓይኔን መጨፈን አለብኝ። አይጨፈንም፤ እንባ ብቻ ያዘንባል። እንደ ምንም አንድ ቤተሰብ ላነሳ ፈገግ አልኩላቸው። ትንሿ ልጅ እኔን አይታ አፏን አጣማ ፈገግ! እህቷም ተከተለቻት። "ምን ያሽሟጥጣችኋል?" አለች እናታቸው።

ሚያዝያ 21
እጮኛዬን ሰርጉን እናራዝመው አልኳት።
"ለምን?"
"እያየሽኝ ለምን ትያለሽ?"
"እሺ ለማለት ሁለት ጉንጭ ያስፈልጋል?"
ትቀልዳለች! ፎቶው ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ይሄን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ተኮራረፍን።

ግንቦት 4
ተጋባን። አሸነፈችኝ።

ግንቦት 5
ትናንት ያነሳን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ፎቶ ቤታችን ውስጥ ፎቶ በኮምፒውተር የሚያሳምረው፣ ኮምፒውተረኛው። "ሙሽራው ፈገግ በል!" ይለኛል። "ብያለሁ" እለዋለሁ። "ፈገግ በል እንጂ!" "ብያለሁ አልኩህ እኮ!" ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። እኔ አረርኩ።

ግንቦት 19
ቅንድቤ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አፌ ገና ነው።
ኮምፒውተረኛው "ስጦታዬ" ብሎ ትልቁን የሰርግ ፎቶ ይዞ መጣ። የቀኝ ፊቴን ገልብጦ በግራው ለጥፎታል። አፌ ልክ፣ ዓይኔ ልክ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ?
እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችው። "ሙሽሪትስ አምራለች። አጠገቧ የቆመው ማነው?"
ሚስቴ ፎቶውን ተቀበለቻት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቃት አልሳቀችም። "እኔ ይሄን ሰውዬ አላገባሁም" ብላ ለኮምፒውተረኛው መለሰችለት።
ተናደድኩ። ያልተነካካውን አምጣ አልኩት፤ አይታ ትፍረድ! አመጣው። አፌ ጠሟል፣ ዓይኔ ፈጧል... እሷስ? ካሜራውን ረስታዋለች። እኔን ነው የምታየው፤ ያውም በዚያ በወደቀው በኩል፣ ደስ ብሏት። እስከ ዛሬ የራሴን አፍ ብቻ ነበር የማየው ለካ።
"ይሄን አሳድገህ አትመው" አልኩት።
"እንደዚሁ?"
"እንደዚሁ።"
"አፍህን ትንሽ እንኳ..."
ኤጭ! ለአንድ ሰው ስንቴ ይነገራል?