በዕለቱ የሚያልቅ ድራማ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? የወጣሽበት ደጅ በሰላም ይመልስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃው ላይ ይለግማል። ጣሪያው ተጠግኗል፤ አሁን የሚያፈሰው የኔ አፍንጫ ነው።

ያን ስንት ዓመት የተከታተልነውን ድራማ ትተነዋል። አባትሽ ላመለጣቸው ጎረቤቶች ሁሉ ያለፈውን ክፍል በቃሉ ይተርክ አልነበር? ባለፈው ወር ዋናዋን ተዋናይ አይቶ "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። በማግስቱም ያንኑ ጠየቀኝ። ያኔ መሳቅ አቃተኝ።

አሁን የምናየው ጀምሮ በዕለቱ የሚያልቀውን ነው። እሱ ላይ ሌባው ማን እንደሆነ ከኔ ቀድሞ ያውቃል፤ "አላልኩሽም!" ብሎ ጭኑን ይመታል። በልብስ ስፌት ሱቁም ሙሉ ልብስ መስፋት ትቶ ቁልፍ ይተክላል፣ ዚፕ ይቀይራል። ሐኪሙ እየባሰበት እንደሚሄድ ነግሮኛል። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የደበቅሁሽ፤ ይቅር በይኝ።

ታዲያ አደራ፣ ስትደውዪ "የቀረውን እሑድ እነግርሃለሁ" አትበዪው። ወሬሽን እዚያው ጀምረሽ እዚያው ጨርሺለት። የነገርሽውንም ብትደግሚለት አይሰለችም፤ እንደ አዲስ ነው የሚደሰተው።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ክፉ አይንካሽ፣ የምታገኚው ሰው ሁሉ መልካም ይሁንልሽ። ብቻ ስልኩን እንዳነሳ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ "አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ" በዪው። ባለፈው እሑድ ካንቺ ጋር ሲስቅ ቆይቶ ስልኩን ዘጋና፣ "ደስ የምትል ልጅ ናት፤ የማን ልጅ ናት?" አለኝ።

እናትሽ