ቀይ ሻሽ የታሰረባት ዋንዛ

ሰኞ

የቤተ ክርስቲያናችን ደን ኮሚቴ አባላት በመጨረሻ ተስማሙ። ለንግሡ ድግስ ማገዶ የሚለቀመው ደኑ ውስጥ ከወዳደቀው ብቻ ነው። ግንዳቸው የተቦረቦረ አሮጌ ዛፎች አይነኩም። ሽኮኮ የምትወልደው እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ዛፎቹ ካለቁ እሷም የለች። የደን ኮሚቴው ሰብሳቢ ቄስ ሞገስ «ለሽኮኮ ቤት ኪራይ ልንከፍል ነው በለኛ!» ብለው ሳቁብኝ። የሚቀሩትን ዛፎች ምልክት አድርግባቸው አሉኝ።

ማክሰኞ

ከፋብሪካ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ደኑ። ቀለም አላገኘሁም። ባለቤቴ አለምነሽ የሰጠችኝን አሮጌ ቀይ ሻሽ ቀድጄ ሦስት ዛፎች ላይ አሰርሁ። በሐይቁ በኩል ያለችው ዋንዛ ውስጥ ሽኮኮዋ ስትገባ አየሁ። ልጆች ሳይኖሯት አይቀርም። እንድትወጣልኝ ከግንዱ ሥር እፍኝ ቆሎ በተንሁ። አልወጣችም።

ቤት ገብቼ ሳወራላት አለምነሽ «ቀይ ጨርቅ፣ ቆሎ... ቅቤ መቀባት ብቻ ቀረህ። አድባር ልታመልክ ነው እንዴ?» አለች። ሳቅን።

ረቡዕ

ሥራ በዛ። አልሄድሁም።

ሐሙስ

ዋንዛዋ የለችም።

ቦታ የተሳሳትሁ መስሎኝ ዞርሁ። ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ሦስቱም ተቆርጠዋል። ምልክት ያላሰርሁባቸው ሁሉ ቆመዋል። ጉቶው ላይ ተቀመጥሁ።

በደብሩ የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ኪዳን መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸው በርቷል። «ደስ ይበልህ ልጄ! በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አድባር ሊያቆሙብን ነበር። ጨርቅ አስረው፣ ቆሎ በትነው! ለሰንበት ተማሪዎቹ ነግሬ አስገነደስሁት።»

«እማሆይ፣ ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

አማተቡ። «አንተ? ከመቼ ጀምሮ?»

ለሽኮኮ መሆኑን እስካስረዳቸው ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተው ነው የሰሙኝ። ምልክቱ ምን እንደሆነ ከኮሚቴው ውጭ ለማንም አልተናገርንም። እኔ ቄስ ሞገስ ይናገራሉ ብዬ፣ እሳቸው ደግሞ እሱ ይናገራል ብለው።

ከወደቀው ግንድ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጄን ሰደድሁ። ከሽኮኮዋ ልጆች ሁለቱ በሕይወት አሉ። አንዱ ተጨፍልቋል። እማሆይ አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ዓርብ

የቆረጡት ልጆች ራሳቸው መጥተው አገዙኝ። ባዶውን የግንዱን ክፍል በመጋዝ ለይተን አቆምነው፤ አጠገቡ ካለው ሾላ ጋር በገመድ አሰርነው። የሽኮኮዋን ልጆች መልሰን አስገባን። ቄስ ሞገስ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ። ጨርቅ ዳግመኛ አላስርም፤ ቀለም እገዛለሁ።

እናቲቱ አልታየችም።

ቅዳሜ

በጠዋት ሄድሁ። ከእኔ የቀደመ ሰው አለ። እማሆይ ግንዱ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ግራ ቀኝ እያዩ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ይበትናሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ለሽኮኮዋ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ እማሆይ።»

«ለማንም እንዳትናገር።»

ከሰዓት ስመለስ ቆሎው የለም። ሽኮኮዋ ትብላው ጦጣ አላውቅም። ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጠፍሁ። ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።