ፍንጭትሽን አትንኪው

ለምወድሽ፣ ሰሞኑን ግን ጨጓራዬን ለላጥሽው እኅቴ ለፋይዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የሠርጉ ሽር ጉድ አላደከመሽም? የእማዬ ወገብስ ቀለል አላት ወይ? ዝናቡ ሐርቡ ገብቷል ወይስ እንዳምናው እያሾፈባችሁ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የአል ዓይን ሙቀት ከአሁኑ ጀምሮናል እንጂ ሌላ የሚያስከፋኝ ነገር የለም፤ ካንቺ በቀር።

አዎ፣ ካንቺ በቀር! ባለፈው ስለ ጥርስሽ ስታወሪኝ ‹‹ተይው›› ስላልኩሽ ይኸው ስልኬን ዘግተሽብኛል። ስደውል አይጠራም፣ ድምፄን ቀድቼ ብልክ አይደርስሽም። ምን ላድርግ፣ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ሰኪና ሐሙስ ለዕረፍት አገር ትገባለች፤ ይህንን በእጅሽ ሰጥታ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ከፊትሽ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ።

ትናንት ወንድማችን ዐብዱራህማን ደውሎ ጉድሽን ነገረኝ። የፊት ጥርሶችሽን አስሞርደሽ፣ ቬኒር የሚሉትን አስለጥፈሽ ፍንጭትሽን ልታዘጊ ደሴ ቀጠሮ ይዘሻል አሉ። ምክንያቱ ደግሞ የአብዱረሂም እኅት ‹‹ሙሽራችን ጥርሷ በር አለው›› ብላ መሳቋ ነው። ደሜ ፈላ! በእኛ አገር ፍንጭት የሚዘፈንለት ነገር አልነበረም እንዴ? አብዱረሂምስ እኅቱ ስትስቅብሽ አፉ የት ሄዶ ነው? ሽማግሌ ሲልክ ጥርስሽን ሳያይ ነው የላከው?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ‹‹ኑርያ ለራሷ አሠርታ እኔን ትከለክለኛለች›› ማለትሽ ነው። የዒዱን ፎቶ አይተሽ ነው አሉ። ወደ ፎቶው እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ልታደርጊው ያሰብሽውን ነገር ስሚኝ።

ማዳም አምና የመኪና አደጋ ደርሶባት የፊት ጥርሶቿ መሸራረፋቸውን ነግሬሽ ነበር። አቡ ዳቢ፣ አል ካራማ ወዳለው ክሊኒክ ስትመላለስ ቦርሳዋን ይዤ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሐኪሟ መስታወት ይዞ አንድ በአንድ ሲያስረዳት አብሬ ስሰማ ከረምኩ። ጥርስ ሲቦረቦር የበሰበሰውን ጠርገው ይሞሉታል፤ የእኔንም መንጋጋ የሞሉልኝ እዚያው ነው። መበስበሱ ነርቩ ጋ ከደረሰ ሥሩን አጽድተው ይደፍኑታል፣ እንዳይሰበርም ከላይ ሙሉ ሽፋን ያለብሱታል። ጥርሱ ከነጭራሹ ከሌለ ወይ ግራና ቀኙን ሞርደው በእነሱ ላይ የተያያዘ ጥርስ ያስቀምጣሉ፣ ወይ አጥንቱ ውስጥ እንደ ብሎን ያለ ነገር ተክለው ጥርስ ይገጥሙበታል። ይሄ ሁሉ የተጎዳን መጠገን ነው። አንቺ ምንሽ ተጎዳ?

ለመልክ የሚደረገው ሌላ ነው። ማሳጠብ ቆሻሻውን ያነሳል። ማስነጣት ቀለሙን ይለውጣል፤ ጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ቢያስጮህሽ እንጂ ጥርሱን አይሞርደውም። ቬኒር ግን እንደ ጥፍር የሳሳ ቅርፊት ነው፤ እሱን ለመለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የራስሽን ጥርስ ከፊት ለፊቱ መሞረድ አለባቸው። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ አይበቅልም፣ ፋይዛ! ፀጉር አይደለም። ቅርፊቱም ዕድሜ አለውና ከዓመታት በኋላ ይለወጣል፣ ያም ሲያረጅ እንደገና ይለወጣል። ወደ ራስሽ ጥርስ መመለስ የለም፤ ኸላስ።

ማዳም የተሸራረፈ ነበራትና ደግ አደረገች፤ አምሮባታልም። ቢሆንም በቀደም የአል ዓይን ኦአሲስ በሚሉት የተምር ደን ውስጥ ስንሄድ፣ ተምር ስትበላ ሳታስበው ጠንካራ ፍሬውን ነክሳ አንዱ ቅርፊት ወልቆ ወደቀ። እሷ አፏን በሻርፗ ሸፍና ቆማ፣ እኔ ከውሃው ቦይ ዳር ተንበርክኬ አፈር ስበጥር ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ሆነ። እሷስ መኪናዋን አስነስታ ወደ ሐኪሟ በረረች። አንቺ ገበያ መሐል ቢወድቅብሽ ለማን ትጮኺያለሽ? በአንድ ቀን ጨርሼ እሸኝሻለሁ ያለሽ ሰውዬስ የጥርስ ሐኪም ነው ወይስ ጥፍር የሚቀባ? ጠይቀሻል?

ባለፈው ሳምንት ስለ አንቺ ሐኪሙን እንድትጠይቅልኝ ማዳምን ለምኜያት ነበር። ጥርሱና ድዱ ጤነኛ ከሆነ ፍንጭት በሽታ አይደለም አለ። የግድ ይጠበብልኝ ካለችም መጀመሪያ ትታይ፤ በሽቦ ቀስ ብሎ ማቀራረብ አለ፣ ጥርስ በሚሞሉበት ነገር ሳይሞርዱ ጎንና ጎኑን ማወፈርም አለ፤ ለሠርግ ተብሎ ግን በጥድፊያ አይሆንም አለ። ነገ ራስሽ ፈልገሽው ከሆነ አልቃወምሽም። በሰው ሳቅ ግን ጤነኛ ጥርስ አታስሞርጂ!

አሁን ወደ ፎቶው። የዒድ ቀን ያነሳችኝ የማዳም ልጅ ሩዋይዳ ናት። ዐብዱራህማን ያልሽውን ሲነግረኝ ፎቶውን አጉልቼ ባየው ክው አልኩ። ፍንጭቴ የለም! እኔ ለካ ቀሚሴን ሳደንቅ ጥርሴን ልብ አላልኩትም። ሩዋይዳን ብጠይቃት በሳቅ ፈረሰች። ስልኳ ፊት የሚያሳምር ነገር አለው፤ ደስ የሚለኝ መስሏት ‹‹አስተካክዬልሽ እኮ ነው›› አለችኝ። ይኸውልሽ ቅናትሽ! ልጅ በስልክ የዘጋችውን አንቺ በሞረድ ልትዘጊ!

ሆዴን የበላው ግን ሌላ ነው። ፎቶው የደረሳችሁ ሰሞን እማዬ በደወልኩ ቁጥር ‹‹ጥርስሽ ደህና ነው?›› ትለኝ ነበር። ያስሞላሁትን መንጋጋ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ‹‹ደህና ነው›› እያልኩ አልፋታለሁ። ለካ እናንተ አማረባት ስትሉ እሷ ፍንጭቴን ፈልጋ አጥታው ኖሯል። ትናንት ይሄ ሲገባኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከአረፋ በኋላ ለሠርግሽ ልመጣ ብዬ ምን ያህል እንደለመንኩ ታውቂያለሽ፤ ማዳም ፈቃድ የሰጠችኝ ለጥቅምት ነው። ስለዚህ የሚደርሰኝ ቪዲዮው ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስትስቂ እኅቴን ፈልጌ እንዳላጣት፣ አደራሽን!

ዐብዱራህማንን ስለነገረኝ አመስግኚልኝ፤ በሱ እንዳታኮርፊ። ለአብዱረሂም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ቀሪውን ስንገናኝ በአፌ እነግረዋለሁ። አማትሽንም፣ ያቺን ሳቂታ እኅቱንም ሰላም በያቸው፤ ምን ይደረግ፣ ቤተሰብ ሆነናል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሩዋይዳ ሳትነካካው በፊት የነበረውን ፎቶ አሳጥቤ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን የዒድ ፎቶ አውርደሽ ይሄንን ስጫት። ምንም አትንገሪያት፤ ጣቷ ፍንጭቴ ላይ እስኪያርፍ ዝም ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ። ከዚያ ወደ ደሴ መሄድ ካማረሽ ሂጂ።

እኅትሽ ኑርያ
አል ዓይን፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.