የሮማኑ ወረቀት

ጥቅምት 12 ቀን፣ ሐሙስ

ለድንቢጤ፣ ለልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው በስልክ «ደህና ነን» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ሆዴ አላስችል ስላለኝ ልናዘዝልሽ ተቀመጥኩ።

የጓሯችን ሮማን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ቅርፊቱን እንደ ድሮው አድርቄ አስቀምጫለሁ፤ ያ ሆድሽን ሲያጣድፍሽ አያትሽ አፍልታ የምታጠጣሽ፣ ድድሽ ሲያብጥም የምትጉመጠመጪበት። ፍሬውን ግን ለአባትሽ ጨመቅኩለት። ስኳር በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ «ሮማን የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል» የሚል አንብቤ ነው። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ስለሆነ የታተመ ሁሉ እውነት ይመስለኛል። አባትሽ ደግሞ ክኒን ጠላቱ ነው። «መድኃኒቱ ከጓሯችን ቆሞ ሳለ!» ብሎ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሰጠሁት።

ደውለሽ «አባዬ ክኒኑን ይወስዳል?» ስትዪኝ «አዎ» ያልኩሽ ያኔ ነው። በነጋታው ጣውላ እየቆረጠ ሳለ አዙሮት ወደቀ። ቀኝ እጁ ዛለ።

ሆስፒታል ወስጄው ሐኪሟ «ክኒኑን ይተዉ ያለዎት ማነው?» ብትለው፣ «ዶክተር፣ እኔን ያከመኝ የስኳር መጠቅለያ ነው» አላት። በሳቅ ልትሞት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሮማኑ ምግብ ነው፤ ክኒኑን አይተካም። አንዳንዱን ክኒን ደግሞ ያውካልና ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁኝ» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሁን ክኒኑን እኔው ቆሜ አስውጠዋለሁ። ትናንት ማንኪያ ያዘ።

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ከ«ዝቅ ያደርጋል» ቀጥሎ «ነገር ግን» ይላል፤ ከዚያ ተቀዷል። ባለሱቁን ቀሪውን ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ ጨው ጠቅልዬ ሸጬበታለሁ» አለኝ። ይኸው ቁራጩን ልኬልሻለሁ። መድኃኒት የምትማሪው አንቺ ነሽና ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ጻፊልኝ። በስልክ አትንገሪኝ፤ ስልክ ቶሎ ያልቃል። ስትጽፊም አታሳጥሪው።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው። በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ።

እናትሽ

ከስር ያለችው ጠማማ መስመር የአባትሽ ናት። በቀኝ እጁ ነው።