ዶሮዎቹ ጋራዥ ውስጥ ነበሩ

ጥቅምት 14

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ እግሬን ልታጠብ ባኞ ቤት ስገባ ገንዳው ላባ በላባ። አሥራት ሦስት ዳክዬ ነጭቶ፣ ላባውን ለእኔ ትቶልኛል። ሰው ባል ያገባል፣ እኔ ላባ ጠራጊ ሆንኩ።

"ማን ሊበላው ነው?" አልኩት። "እኔ" አለ። ይብላ። በእኔ ድስት ግን አይሠራም። ማንም በስመ አብ ብሎ ያላረደው፣ በጥይት የወደቀ... በክት ነው፣ አለቀ። ሔርሞን ሶፋው ላይ ተጋድማ "ማም፣ ኢትስ ጀስት ዳክ" ትለኛለች፣ ዳክዬ እኮ ነው ለማለት። ቀና እንኳ አላለችም። የአባቷ ልጅ።

ጥቅምት 28

የዌርሃውስ ጓደኛው ራንዲ ፊሽካ ሰጥቶታል። እንደ ዳክዬ ይጮኻል። እኔ አዳር ሠርቼ ልተኛ ስል ይነፋዋል። ልምምድ ነው አለኝ። "ዳክዬዎቹ ካላመኑኝ አይወርዱም።"

እኔም አምኜህ ነው እዚህ የወረድኩት፣ አልኩት። አልሰማኝም፣ እየነፋ ነበር።

ኅዳር 16

ትናንት ጾም ገባ። እሱም ይጾማል። ሽሮውን ይበላና ፍሪዘሩን ይሞላል። ዛሬ ጭራሽ ጥንቸል! "ለገና ነው" ይላል። ድስቴን ስከለክለው ጋራዥ ውስጥ የካምፕ ምድጃ ተክሏል። ከጾሙ በፊት ዳክዬውን በበርበሬና በቅቤ ሲያንጨረጭረው ሽታው እስከ መኝታ ቤት... ለራሴ ልዋሽ? ይጣራል። ያናደደኝም እሱ ነው።

"ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ካርቶን ሳነሳ ነው የምውለው። ረግረጉ ውስጥ ዳክዬ ስጠብቅ ማንም ፋስተር፣ ቶሎ በል አይለኝም" አለኝ። እሺ፣ እኔስ? ዳውንታውን የሆስፒታል ክፍል ሳጸዳ ለማድረው ሴትዮ ረግረጓ የት ነው?

ታኅሣሥ 26

ኮሮና ከገባ ወዲህ እኛ ቤት በዓል የበላ ሰው የለም። ዘንድሮ እህቴን እትዬ ላቀችን ጠራሁ። ጋሼ ዘውዴንም። እዚህ አገር ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው ናቸው።

እትዬ ላቀች በስልክ፣ "ያ የባልሽ የጫካ ነገር የገባበት ድስት ካለ እንዳትጠሪኝ።" በማርያም ማልኩላት። ድስቴ ንጹሕ ነው አልኳት። "እንግዲህ በማርያም ካልሽ" አለች። እመጣለሁ አለች።

ታኅሣሥ 28

ከከተማ ውጪ ካለ ገበሬ ሦስት ዶሮ ከነነፍሳቸው አምጥቻለሁ። ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ቁሌቱን ጨርሻለሁ፣ እንቁላሉም ተቀቅሏል። የአሥራት ሥራ አንድ ብቻ ነው... አርዶ፣ ገንፍሎ፣ ብልት በብልት አውጥቶ ቁሌቱ ውስጥ መጨመር። ዳክዬ የሚበልት ሰው ዶሮ አያቅተውም።

"ዛሬ እንኳ ይቅርብህ" አልኩት። "ከሰዓት እመለሳለሁ" ብሎ በጠዋት ከራንዲ ጋር ሄደ። አሁን እኔና ሔርሞን ለቅዳሴ ልንወጣ ነው። አልመጣም። ስደውልለት "መንገድ ላይ ነኝ፣ ዶሮውን ለእኔ ተዪው" አለኝ። ተውኩለት።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሳህኖቹን እንኳ ሳላነሳ ነው የምጽፈው።

ከቅዳሴ ስንመለስ ወጡ ደርሷል። ቤቱ ያውዳል። ደስ አለኝ፣ አመሰገንኩት እኮ! የዶሮው እግር አጠር አለብኝ። የፈረንጅ ዶሮ ነው ብዬ አለፍኩት፣ እንቅልፍም አናውዞኛል። እንግዶቹ መጡ፣ ተቀመጡ። አሥራት ፈረሰኛውን ለጋሼ ዘውዴ አወጣላቸው። ሁልጊዜ የራሱ ነው፣ ዛሬ ቸር ሆነ።

ጋሼ ዘውዴ ሲነክሱ ቀጭ አለ። አፋቸውን ይዘው ቆዩና ትንሽ ክብ ብረት ሳህኑ ዳር አስቀመጡ። የጥይት ፍሬ።

"ሰርካዲስ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ይቺ ዶሮ ሸፍታ ነበር እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ከጋራዡ ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ሦስቱም።

እትዬ ላቀች ተነሳች። እጇን ታጠበች፣ ደጋግማ ታጠበች። ኮቷን ስትለብስ "በማርያም ምለሽልኝ" አለችኝ። ጋሼ ዘውዴም ጥርሳቸው ተሸርፎ ተከትለዋት ወጡ።

ጥር 4

"መኪናው ጭቃ ያዘውና መሸብኝ" ይላል። "ቁሌቱ ከሚባክን ብዬ ነው ዳክዬውን የጨመርኩት።" እሺ ይሁን። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? "ብነግርሽ ትበይ ነበር?" አለኝ። ቀጠል አድርጎ ደግሞ፣ "ጣፍጧቸው ነበር እኮ፣ ብረቱ ባይኖር።"

የሠርጌን ድስት አውጥቼ ጣልኩት። እትዬ ላቀች ስልክ አታነሳም።

መጋቢት 10

ሁዳዴ። ዶሮዎቹ ጓሮ አሉ፣ ማን ያርዳቸዋል? አንዷ ጭራሽ በጾም እንቁላል መጣል ጀመረች።

ክሊቭላንድ አቬኑ ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እትዬ ላቀችን አገኘናት። ሔርሞንን ሳመቻት። እኔን አልፋኝ ሄደች። በርበሬውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የዚያን ዕለት ያህል አሥራትን ጠልቼው አላውቅም።

ሚያዝያ 9

ጋሼ ዘውዴ አስታረቁን። "እሷም ተታላ ነው" አሏት። እትዬ ላቀች ለፋሲካ እመጣለሁ አለች። ፊቷ ግን አልተፈታም። ይሄ ከተበላሸ ሌላ አይኖርም፣ አውቃታለሁ።

ሚያዝያ 15

ቅዳም ሥዑር። አሥራት የለም። የተርኪ አደን ሲዝን ዛሬ ተከፈተ አሉ። "ከሰዓት እመለሳለሁ" ብሏል... እንዴት ይህን ቃል ደግሞ ይናገረዋል?

ሴት አታርድም። ወንድ ከጠፋ ደጅ ቆሞ መንገደኛ መለመን ነው። እዚህ ሊንደን ሰፈር ማንን ልለምን? ኡበር ልጥራና ሹፌሩን ልጠይቀው?

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቢላውን አነሳሁ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። ሁለቱን አረድኩ፣ እንቁላል የምትጥለዋን ለሔርሞን ተውኩላት።

ሚያዝያ 16

ፋሲካ። አዲስ ድስት፣ የእኔ ዶሮ። እትዬ ላቀች እጇን ሳትታጠብ ተቀመጠች።

"ማን አረደው?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "እኔ" አልኩ።

ጋሼ ዘውዴ ጣሪያውን አዩ። "በስመ አብ ብለሻል?" አለች እትዬ ላቀች። "ብያለሁ።" እንጀራውን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

ባዶ እጁን የተመለሰው አሥራት ያን ጊዜ ሳህኑን ገፋ። "ሴት ያረደችውን እኔ አልበላም" አለ። እሱ! ጥንቸል የሚበላው።

እትዬ ላቀች አየችው። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ብድግ አለች። ሄደች በቃ፣ አልኩ። ባኞ ቤት ገብታ እጇን ታጥባ መጣች፣ ቦታዋ ተቀመጠች።

"የእሱን ፈረሰኛ ለእኔ አውጪልኝ" አለች።

አወጣሁላት። በላች። ጋሼ ዘውዴም ከተሸረፈው ጥርሳቸው በሌላኛው ጎን እያኘኩ በሉ። አሥራት ጋራዥ ወርዶ ከፍሪዘር ያወጣውን ዳክዬ እያሞቀ ነው።

እግዜር ጥርሱን ይጠብቅለት።