የቶሎሳ ሞተር

አርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም. አምቦ

ዛሬ የእርሻ መሣሪያ የሚያስተምሩት መምህር ጋራዤ መጡ። ትራክተራቸው እስኪጠገን ግድግዳው ላይ የሰቀልኳትን ወረቀት ማንበብ ጀመሩ።

ወረቀቷ ታናሽ ወንድሜ ቶሎሳ ሞተሯን አውርዶ የሠራት የአንዲት ቀይ ስፖርት መኪና የጉልበት ፈተና ውጤት ናት። ባለቤቷ አዲስ አበባ ወስዶ ጎማዋ እየተሽከረከረ ጉልበቷ በሚለካበት መሣሪያ ቢያስፈትናት ስልሳ ስምንት የፈረስ ጉልበት ወጣ። ከፋብሪካ የመጣው መጽሐፏ ግን ዘጠና ስድስት ይላል። እኔም ሰው ፊት "ሞተር ገደልክ!" ብዬ ጮህኩበት። ወረቀቷ ላይ "የቶሎሳ ጥፋት" ብዬ ጽፌ አስፈረምኩት፤ ለሌሎቹ መካኒኮች መማሪያ ትሁን ብዬ ሰቀልኳት። በሳምንቱ ቶሎሳ ወዶ ወደ ጦር ግንባር ዘመተ። መርዶው የመጣው አምና ነው።

"ኦቦ ደሬሳ፣ ይኼ እኮ ጥፋት አይደለም" አሉኝ መምህሩ። "መጽሐፉ የሚለው ሞተሩ ብቻውን፣ በባሕር ዳርቻ አየር የሚሰጠውን ነው። ይኼ ጎማው ጋ የደረሰው ነው። ካምቢዮው ከጉልበቱ ይበላል፣ የደጋው ስስ አየርም ይቀንሳል። በእኛ አገር ስልሳ ከሰጠ ይመሰገናል። ይኼ ቶሎሳ ማን ነው? ተማሪዎቼን ልላክለት።"

"ወንድሜ ነው" አልኩ።

ሲሄዱ ወረቀቷን አወረድኳት። የጻፍኩትን ቆርጬ ልጥል መቀስ አነሳሁ። ፊርማው ግን በጽሑፌ ላይ አልፎ ሄዷል፤ አንዱን ብቆርጥ ሌላውም ይሄዳል። ከእጁ ጽሑፍ የቀረኝ ደግሞ ያ ፊርማ ብቻ ነው። መልሼ ሰቀልኳት።